ለጤና ተቋማት በውጤት መክፈል፦ ባለሥልጣናቱ ምን ሊማሩ ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ ለዓመታት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲተላለፍ የቆየው የአፍሪካ የጤና ፋይናንስ ጥያቄ የዕለት ጉዳይ ሆነ። በኢትዮጵያ በዚሁ ርዳታ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ በመንግሥት ተቋማት የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን ይዘው እስከ ከፊል ሥራ ማቆም ደረሱ። ገንዘቡ እያነሰ ጥያቄው እየበዛ ሲሄድ፣ ያለው ገንዘብ በሠሩት ልክ ይከፈል የሚለው ሐሳብ ከበፊቱ በርትቶ መሰማቱ የሚጠበቅ ነው።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ሩዋንዳ ሥራ ላይ ካዋለችው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቡሩንዲ፣ ካሜሩን፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያ፣ ቤኒን፣ ቻድና ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል። ለዚህም ሲባል የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ የወረዳ ጤና ኃላፊዎችና የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ለሁለት ሳምንት ያህል በሚቆዩ ሥልጠናዎች አልፈዋል። ከዚህ ሁሉ ልምድ በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው በውጤት መክፈል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ብቻ አይመስለኝም። ባለሥልጣናቱ ሲሠለጥኑ የተማሩት፣ ለውጥ ያመጣውን የአሠራሩን ክፍል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት አሠራሮች

በውጤት መክፈል ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር አያስብም። የመንግሥት ሠራተኛው ቀድሞ የሚታወሰው በየመንፈቁ የሚሞላው የውጤት ተኮር ምዘና ቅጽ ነው፤ ይህ አለቃ ሠራተኛውን በግል የሚመዝንበት፣ ከገንዘብ ጋር እምብዛም የማይያያዝ አሠራር ነው። የዕቅድና የፋይናንስ ባለሙያው ደግሞ አበዳሪ ድርጅቶች ለመንግሥት የሚለቁትን ውጤት ተኮር ድጋፍ ያስብ ይሆናል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ያጸደቀው ፕሮግራም ከዚህኛው ወገን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ገንዘቡ የሚለቀቀው አገር አቀፍ አመልካቾች መሟላታቸው ሲረጋገጥ ለፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ፣ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ስለ ክፍያው ሳትሰማ ልታልፍ ትችላለች።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን፣ አፈጻጸም ተኮር ፋይናንስ የሚባለውን ነው። በዚህ አሠራር ውል የሚገባው ተቋሙ ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ በውሉ ለተዘረዘረ ለእያንዳንዱ አገልግሎት፣ ለምሳሌ በተቋሙ ለተገላገለች እናት፣ ክትባቱን ለጨረሰ ሕፃን፣ ሕክምናውን ላጠናቀቀ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ፣ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ ይከፈለዋል። ክፍያው የሚፈጸመው አገልግሎቱ በእርግጥ መሰጠቱ በሌላ አካል ሲረጋገጥ ነው፤ መጠኑም በጥራት ነጥብ ከፍ ዝቅ ይላል። ተቋሙ ያገኘውን ገንዘብ በራሱ የባንክ ሒሳብ ተቀብሎ፣ ከፊሉን ለመድኃኒት፣ ለጥገናና ለጽዳት፣ ከፊሉን ለሠራተኞቹ ማትጊያ ያውለዋል።

በመርሁ መሠረት አገልግሎቱን የሚሰጠው፣ የሚገዛው (ማለትም ከተቋሙ ጋር ውል የሚገባው)፣ የሚያረጋግጠው፣ የሙያ ደረጃውን የሚቆጣጠረውና ገንዘቡን የሚያስተላልፈው አካል አንድ መሆን የለበትም። በአብዛኛው የአፍሪካ የጤና አስተዳደር ግን እነዚህ ሥራዎች ሁሉ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው፤ ዕቅዱን የሚያወጣውም፣ መድኃኒቱን የሚያከፋፍለውም፣ ሪፖርቱን የሚሰበስበውም፣ አፈጻጸሙን የሚገመግመውም ያው ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ አፈጻጸም ተኮር ፋይናንስ ሲገባ ከክፍያው ቀመር ይልቅ ሥልጣን መከፋፈሉ ይከብዳል። የባለሥልጣናት ሥልጠና አስፈላጊ የሚሆነውም፣ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ሩዋንዳ ምን አደረገች?

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሲያንጉጉና በቡታሬ በውጭ ረድኤት ድርጅቶች አጋዥነት የተጀመሩትን ሙከራዎች ተከትላ፣ ከ2006 ጀምሮ አሠራሩን ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አሳደገችው። መስፋፋቱ በደረጃ የተካሄደ በመሆኑ ለጥናት ተመቸ። 166 የጤና ተቋማትን ያካተተውና በ2011 የታተመው ግምገማ እስከ ዛሬ በየሥልጠናው ይጠቀሳል። የጥናቱ ጥንካሬ ለንጽጽር የተመረጡት ተቋማትም ያለ ቅድመ ሁኔታ ተመጣጣኝ ገንዘብ እንዲያገኙ መደረጉ ነው፤ በዚህም የተገኘው ልዩነት የገንዘብ መጨመር ብቻ ያመጣው አለመሆኑን ለመለየት ተሞክሯል።

ውጤቱን ከዋጋው ጋር አጣምሮ ማየት ብዙ ያስተምራል። በተቋም ለተፈጸመ አንድ ወሊድ ይከፈል የነበረው 4.59 ዶላር ሲሆን በተቋም የሚወልዱ እናቶች 23 በመቶ ጨመሩ። እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ለመከላከያ ክትትል የመጡባቸው ጊዜያት በ56 በመቶ፣ ከ24 እስከ 59 ወር ያሉት ደግሞ በ132 በመቶ አደጉ። በአንጻሩ አራት ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ላጠናቀቀች እናት የሚከፈለው 37 ሳንቲም፣ ለመጀመሪያው ክትትል የሚከፈለው 9 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ በአራቱ ክትትልም ሆነ ሙሉ ክትባት በወሰዱ ሕፃናት ቁጥር ላይ የታየ መሻሻል የለም። አንዱ ምክንያት ዋጋው ማነሱ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ጤና ጣቢያው ሊቆጣጠረው የሚችለውና የማይችለው ነገር መለያየቱ ነው። ምጥ ይዟት የመጣችን እናት ማስተናገድ በአዋላጇ እጅ ያለ ጉዳይ ሲሆን፣ አንዲት እርጉዝ በሦስተኛው ወሯ ከቤቷ ተነሥታ እንድትመጣ ማድረግ ግን ከመንገዱ ርቀት፣ ከቤት ውስጥ ሥራና ከባሏ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው።

ቀመሩ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በሩብ ዓመቱ 40 እናቶችን አዋለደ እንበል፤ በሩዋንዳው ዋጋ ይህ 183.60 ዶላር ይሆናል። የጥራት ነጥቡ 80 በመቶ ከሆነ የሚከፈለው 146.88 ዶላር ነው። በዚህ መልክ ከየአገልግሎቱ የተሰበሰበው ገንዘብ ተደምሮ ለተቋሙ ይገባል። በጥናቱ ዘመን የሩዋንዳ ተቋማት ከዚህ ገንዘብ 77 በመቶውን ለሠራተኞች ክፍያ አውለውታል፤ የሠራተኞቹም ገቢ በአማካይ 38 በመቶ አድጓል። ይህን ቁጥር ዛሬ ስለ ደመወዝ ከሚነሣው ጥያቄ ጋር የሚያያይዝ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት ይኖርበታል። ጭማሪው የመጣው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ተደርቦ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ ለኑሮ በማይበቃበት ቦታ ማትጊያን የደመወዝ ምትክ ማድረግ፣ የባለሙያውን የወር ቀለብ በመዝገብ ቆጠራ ላይ ማንጠልጠል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ቁጥርን ለማሳበጥ ከሚገፋፉ ነገሮች ዋነኛው ነው።

መዝገቡን ገልጦ መቁጠር

የአሠራሩ ልብ ማረጋገጥ ነው። አረጋጋጩ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጣ ወርሃዊው ሪፖርት ይዞት የመጣው ነገር ነው፤ ሊያየው የሚፈልገው መዝገቡን ነው። የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ ገጽ በገጽ እየገለጠ ይቆጥራል፤ የእናቲቱ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ፣ የወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ያዋለዳት ባለሙያ ፊርማ ካልተሟላ ያ መስመር አይያዝም። ሪፖርቱ 43 ብሎ መዝገቡ 40 ካሳየ ክፍያው ለ40 ነው፤ ልዩነቱ ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ ደግሞ ውሉ ቅጣት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ደረቅ የሚመስል ሥራ በብዙ ቦታ ያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ማንም ተመልሶ የማያየው መዝገብ በጥንቃቄ አይሞላም፤ ገንዘብ የሚታሰብበት መዝገብ ግን ይሞላል።

ሁለተኛው እርከን ከተቋሙ ውጭ ነው። ከመዝገቡ ስሞች በዕጣ ይወጣሉ፤ በአካባቢው ያለ ማኅበር አባላት ሰዎቹን በየቤታቸው ፈልገው ይጠይቃሉ። ይህች ሴት በተባለው ቀበሌ አለች ወይ? በተባለው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር ወይ? ስንት ከፈለች? እንዴት አስተናገዷት? በ2010 አሠራሩን በመላ አገሪቱ ከነፃ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ጋር አጣምራ የዘረጋችው ቡሩንዲ፣ በየክፍለ ሀገሩ የማረጋገጫ ኮሚቴ አቋቁማ ይህን የቤት ለቤት ጥያቄ ለአካባቢ ማኅበራት ሰጥታለች። ጥቅሙ ድርብ ነው፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ታካሚ ይጋለጣል፣ የተጠቃሚው አስተያየትም ወደ ተቋሙ ይመለሳል። ችግሩም ግልጽ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደረገን ወይም የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት የወሰደችን ሴት ጎረቤት በሚሰማበት ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ምስጢሯን ሊያወጣ ይችላል። ለአረጋጋጮች በሚሰጥ ሥልጠና ይህ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ሊነሣ የሚገባው ነው።

ማረጋገጥ ውድም ነው። ሁሉንም ተቋም በየወሩ መቁጠር ሠራተኛ፣ መኪናና የውሎ አበል ይጠይቃል፤ ሲዘገይም ክፍያውን ያዘገያል። ክፍያው ወራት ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በሥራና በክፍያ መካከል እንዲፈጠር የተፈለገው ትስስር ይላላል። ዚምባብዌ ከጊዜ በኋላ ተቋማትን በስጋት ደረጃ ለይታ፣ ሪፖርታቸው አዘውትሮ ትክክል የሆነውን አልፎ አልፎ፣ ልዩነት የሚታይባቸውን ደግሞ አዘውትሮ ወደ ማየት ዞራለች። በእኔ ግምት ከአህጉሩ ልምድ ውስጥ በቀጥታ ሊቀዳ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የጥራት ነጥቡ ሌላ ፈተና አለው። የመመዘኛው ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሚታዩና የሚቆጠሩ ነገሮችን ነው፤ ጓንት አለ ወይ፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ አለው ወይ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ሙቀት በየቀኑ ተመዝግቧል ወይ። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው። ደም የሚፈሳት እናት ስትመጣ ባለሙያዋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን እንደምታደርግ ግን አይነግሩንም።

ምርምሩ ምን አሳየ?

ከሩዋንዳ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ጥያቄውን አጠበቡት። የዓለም ባንክ ከ2007 ጀምሮ ኖርዌይና ብሪታንያ ባዋጡበት ልዩ ፈንድ አማካይነት ብዙ አገሮችን ሲደግፍ፣ ግምገማንም የድጋፉ አካል አድርጎ ነበር። ዛምቢያ 30 ወረዳዎችን በሦስት ከፈለች፤ አንደኛው ወገን በአፈጻጸም ተከፈለው፣ ሁለተኛው ያለ ቅድመ ሁኔታ ተጨማሪ ገንዘብ አገኘ፣ ሦስተኛው በነበረበት ቀጠለ። ናይጄሪያ በናሳራዋ፣ በኦንዶና በአዳማዋ ግዛቶች አፈጻጸም ተኮር ክፍያን ገንዘብን በቀጥታ ለተቋሙ ከመስጠት ጋር አነጻጸረች፤ ያለ ማትጊያ የተሰጣቸው ተቋማት ያገኙት ገንዘብ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ካሜሩንም ተመሳሳይ ንጽጽር አካሂዳለች። በሦስቱም አገሮች ተጨማሪ ገንዘብ ያገኙት ተቋማት ምንም ተጨማሪ ካላገኙት በብዙ መለኪያ ተሻሉ፤ በአፈጻጸም የተከፈላቸውና በቀጥታ የተሰጣቸው ግን በአብዛኞቹ መለኪያዎች ተቀራራቢ ሆኑ። ባንኩ ራሱ በ2022 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት ይህንኑ አምኖ፣ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ተቋማት እንዲደርስና ተቋማቱ እንዲያዙበት ማድረግ ብዙውን ጥቅም በአነስተኛ ወጪ ሊያስገኝ እንደሚችል ገልጿል።

ተቺዎቹ ከዚህ ይነሣሉ። በ2018 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና ብዙ ያነጋገረ ጽሑፍ፣ አሠራሩ የተስፋፋው ከማስረጃው ጥንካሬ ይልቅ በለጋሾች ግፊት ነው፤ አገሮችም ከውጭ የተዘጋጀን ጥቅል ተቀበሉ እንጂ ከራሳቸው ችግር ተነሥተው አልነደፉትም ሲል ሞግቷል። የሚከፈልበትን ሥራ ብቻ የመሥራት ዝንባሌም ሌላው ስጋታቸው ነው። ይህን የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ቀድመው ያውቁታል። ቤንት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም በ1991 እንዳሳዩት፣ አንድ ሠራተኛ ብዙ ኃላፊነት ኖሮት ጠንካራ ማትጊያ ሊቆጠር ለሚችለው ብቻ ሲሰጥ፣ የማይቆጠረው ሥራ ይጎዳል። የአእምሮ ሕመም፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል፣ የሕመምተኛን ጭንቀት ጊዜ ወስዶ መስማት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኙም።

ደጋፊዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ተቋማት የባንክ ሒሳብ እንዲከፍቱ፣ ሠራተኛ እንዲቀጥሩ፣ መድኃኒት ራሳቸው እንዲገዙ በር የተከፈተው በዚሁ አሠራር አማካይነት ነው ይላሉ። ገንዘብን ብቻ በቀጥታ መስጠት በጥናት ክትትል ሥር በነበረበት ጊዜ ያስገኘውን ውጤት፣ ክትትሉ ሲነሣ ይዞ ይቀጥል እንደሆነም ይጠይቃሉ። በታንዛኒያ ፕዋኒ ክልል ከ2011 ጀምሮ የተደረገው ሙከራ በተቋም የሚወልዱትን ከንጽጽር አካባቢው በ8.2 የመቶኛ ነጥብ ማሳደጉንም ያስታውሳሉ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ግን አለ፤ በእጁ አንድም ጥሬ ገንዘብ የሌለው፣ የተሰበረ አልጋ ለማስጠገን ለወረዳ ደብዳቤ ጽፎ ወራት የሚጠብቅ ጤና ጣቢያ በማናቸውም ማትጊያ አይሻሻልም። ከማስረጃው የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፦ ለውጡን ያመጣው በዋናነት ገንዘቡ እስከ ታች መድረሱና የመጠቀም ሥልጣን አብሮት መሄዱ ነው፤ ማረጋገጡ ይህ ሥልጣን እንዳይባክን ይጠብቃል፤ የማትጊያው ድርሻ ከሦስቱ አነስተኛው ነው።

ሥልጠናው የቱ ላይ ጎደለ?

በሞምባሳ፣ በዱዋላ፣ በኮቶኑና በሌሎች ከተሞች በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተሰጡት ሥልጠናዎች የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው። የሚኒስቴር ኃላፊውን፣ የወረዳውን ሐኪምና የገዢ ድርጅቱን ሠራተኛ በአንድ ክፍል አስቀምጠው ያከራክራሉ፤ ተሳታፊዎችም በመጨረሻ ለራሳቸው አገር ዕቅድ አዘጋጅተው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው አፍሪካ አቀፍ የባለሙያዎች መማማሪያ መረብም የቡሩንዲው ባለሙያ ከካሜሩኑ ጋር ያለ ውጭ አማካሪ እንዲነጋገር በር ከፍቷል። አህጉሩ በዚህ መስክ የራሱ የሆኑ ባለሙያዎች ማፍራቱ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይታየኛል። አንደኛ፣ ተቺዎች እንደሚሉት፣ ትምህርቱን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩን የሚያምኑበትና የሚያማክሩበት ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ ማትጊያ የሌለበት ቀጥተኛ ክፍያ እንደ እኩል አማራጭ ቀርቦ የመመርመር ዕድሉ ጠባብ ነው። አንድ ባለሥልጣን መማር ያለበት የሩዋንዳን 23 በመቶ ብቻ ሳይሆን የዛምቢያንና የናይጄሪያንም ንጽጽር ነው። ሁለተኛ፣ በክፍሉ የሚቀመጡት በብዛት የጤና ሰዎች ናቸው፤ በጀት የሚያጸድቀው፣ የክፍያ ሥርዓቱን የሚመራው፣ ሒሳቡን የሚመረምረው አካል በሌለበት የወጣ ዕቅድ ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ከፋይናንስ ደንቡ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛው በእኛም አገር የሚታወቅ ነው። ሥልጠና የውሎ አበል ምንጭ ሲሆን ማን ይሂድ የሚለው በሥራው ፍላጎት ሳይሆን በተራ ይወሰናል፤ የሠለጠነው ኃላፊም በሹመት ለውጥ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል።

ይህን ለማረም ሥልጠናውን ከአዳራሹ ወደ ጤና ጣቢያው ማምጣት ያሻል። የወረዳ ኃላፊው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊና ሒሳብ ሠራተኛው አንድ ላይ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ያለፈ ሩብ ዓመት መዝገብ ከላኩት ሪፖርት ጋር መስመር በመስመር ቢያስተያዩ ከብዙ ስላይድ የበለጠ ይማራሉ። ቀጥሎ ያንኑ ገንዘብ በሦስት መንገድ አስበው ሲያዩት፣ አንዴ በአፈጻጸም፣ አንዴ በሕዝብ ቁጥር፣ አንዴ በርቀትና በድህነት ተመዝኖ፣ የትኛው ተቋም እንደሚጠቀምና የትኛው እንደሚጎዳ በቁጥር ይገለጥላቸዋል። ቡሩንዲና ካሜሩን ራቅ ላሉና ለተጎዱ ተቋማት ተጨማሪ ክፍያ የጨመሩት ይህ ልዩነት ስለታያቸው ነው። መንገድና ታካሚ ያለው የከተማ ተቋም በቁጥር ሲከፈለው ይበለጽጋል፤ ከዋናው መንገድ የራቀው ደግሞ በጣም እየለፋም ይጎድልበታል።

ከሁሉ የሚከብደው የሥልጠና ክፍል የወረዳውን ኃላፊ አዲስ ሚና ማስተማር ነው። እስከ ትናንት ግዢውን የሚፈቅደውና የሚከለክለው እሱ ነበር፤ አሁን ተቋሙ ራሱ ወስኖ ሲገዛ የሱ ሥራ ደረጃ መጠበቅና ማገዝ ይሆናል። ይህን ሚና በግልጽ ያልተነገረውና በመመሪያ ያልተደገፈ ኃላፊ ወይ ሥርዓቱን በዝምታ ይቃወማል፣ ወይ ተቋሙ በገዛው ነገር ሁሉ ፊርማው እንዲያልፍ በመጠየቅ የተሰጠውን ነፃነት መልሶ ይወስደዋል።

ለጋሹ ሲወጣ

ለጋሹ ሲወጣ ሥርዓቱ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ቻድ መልሱን በአጭሩ ታሳያለች። በ2011 በስምንት ወረዳዎች የተጀመረው ሙከራ በ2013 ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ቆመ። አረጋጋጩም ከፋዩም በፕሮጀክት ገንዘብ የተቀጠሩ ሲሆኑ፣ የሠለጠኑት የመንግሥት ሰዎች ሥርዓቱን የሚያስቀጥሉበት የበጀት መስመር አይኖራቸውም።

በሌላ አቅጣጫ የሄዱ አገሮችም አሉ። ታንዛኒያ ከ2017/18 የበጀት ዓመት ጀምሮ ለጋሾች በጋራ የሚያዋጡበትን የጤና ቅርጫት ፈንድ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ተቋማት የባንክ ሒሳብ ማስተላለፍ ስትጀምር፣ ለተቋማት ደረጃ የተዘጋጀ የሒሳብ ሥርዓት አብራ ዘርግታለች። ናይጄሪያ በ2014 በወጣው የጤና ሕጓ ከፌዴራሉ የተጠቃለለ ገቢ ቢያንስ 1 በመቶ ለመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ፈንድ እንዲመደብ ደንግጋ፣ ከዚህ ገንዘብ ለመጀመሪያ ደረጃ ተቋማት በቀጥታ የሚደርስበትን መንገድ አበጀች። ኬንያ በ2023 ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። ሦስቱም የተሟሉ አይደሉም፤ ገንዘብ መዘግየት በየአገሩ የሚነሣ ቅሬታ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ከፕሮጀክት ሰነድ አውጥተው ወደ መንግሥት በጀትና ሕግ አስገብተውታል። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡት ቃል በአብዛኛው ሳይፈጸም በቀረበት አህጉር፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ ያልተሳተፈበት የጤና ፋይናንስ ሥልጠና ብዙ ርቀት ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ይቸግራል።

የኢትዮጵያ መነሻ የተለየ ነው

ኢትዮጵያ ከባዶ አትነሣም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው በቦርድ ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ በክልል ሕጎች ተፈቅዷል። ሌሎች አገሮች በአፈጻጸም ተኮር ፋይናንስ በኩል ሊያስገኙት የታገሉት የተቋም የገንዘብ ነፃነት በከፊል እዚህ አለ ማለት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ደርሷል፤ በዚህም አገልግሎት ገዢ የሆነ፣ ለተሰጠ ሕክምና ሒሳብ ተቀብሎ የሚመረምርና የሚከፍል አካል ተፈጥሯል። በቦረናና በጅማ ዞኖች ደግሞ ኮርድኤድ በተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት አጋዥነት አፈጻጸም ተኮር ፋይናንስ ራሱ ተሞክሯል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሥልጠናው ቢጀመር፣ አዲስ ገዢ ድርጅትና አዲስ የማረጋገጫ ቡድን ከማቋቋም ይልቅ በየወረዳው የመድን ሒሳብ የሚመረምሩትን ባለሙያዎች ማሠልጠን የበለጠ ያዋጣል። እነሱ የሚያዩት ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ ከማዋለጃው መዝገብ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ለቁጥር ብቻ ሳይሆን ለሕክምናው ትክክለኛነትም ማስረጃ ይሆናል። የጤና ጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ሁለተኛው ሊሆን ይገባል፤ ዛሬ ብዙ ተቋም የውስጥ ገቢውን የመጠቀም መብት እያለው የማይጠቀምበት፣ የግዢና የሒሳብ ሥርዓቱን በራስ መተማመን የሚያስኬድ ሰው ስለሚያጣ ጭምር ነው። የቦርድ አባላት ሦስተኛ ይመጣሉ፤ የተቋማቸውን የሩብ ዓመት ገቢና ወጪ አንብበው ጥያቄ መጠየቅ ካልቻሉ ውሳኔው በተግባር የኃላፊው ብቻ ይሆናል።

የሚያሳስቡ ነገሮችም አሉ። ተቋማት ተጨማሪ ገቢ ሲያገኙ የወረዳው ምክር ቤት ያንኑ ያህል ከመደበኛ በጀታቸው ቢቀንስ አሠራሩ ትርጉሙን ያጣል፤ ይህ እንዳይሆን በመመሪያ መከልከልና በየዓመቱ መመርመር አለበት። በጦርነት የተዘረፉና የፈራረሱ ጤና ተቋማት በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ገና አልጋና ማምከኛ እያሟሉ ባሉበት ሁኔታ ከሌሎች ጋር በቁጥር ማወዳደርና በዚያው መክፈል ፍትሕ አይሆንም፤ ለነሱ ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት ያለ ቅድመ ሁኔታ በቀጥታ መስጠት ይቀድማል። የባለሙያዎቹ የደመወዝ ጥያቄም በመደበኛው በጀት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ማትጊያው መልሱን እንዲተካ ከተደረገ፣ ገንዘቡ በዘገየ ወር የሚቀረው የማዋለጃ ክፍሉ ሠራተኛ የቤት ኪራይ ይሆናል፤ በቀጣዩ ወር አረጋጋጩ የሚገልጠው መዝገብም እምነት የሚጣልበት አይሆንም።